ሽርጥ የለበሰ አይገባም

ሞክሌስ ሚያ ወሬውን የሰማው ጋራዥ ውስጥ ጎማ ሲያስነፋ ነው። ሁለት ወጣት ሪክሻ ነጂዎች ግድግዳው ጥላ ስር ቁጭ ብለው እየተቀባበሉ ያወራሉ። "ከእሁድ ጀምሮ ሽርጥ ለብሶ ድልድዩን ተሻግሮ ሀብታሞቹ ሰፈር መግባት ቀርቷል። የነዋሪዎቹ ማኅበር ወስኗል አሉ" ይላል አንደኛው። "ምን አደረግናቸው?" "ነፋስ ሲነሳ ጭናችን ይታያላ። ቤታቸው የውጭ አገር እንግዳ ሲመጣ በእኛ ያፍራሉ። ሥራ ላይ ያለ ሰው እንደ ሥራ ሰው ይልበስ ነው የሚሉት።" "ታዲያ እነሱ በዚህ ሙቀት ሱሪ ለብሰው ፔዳል ይምቱና እንያቸው።" ተሳሳቁ። ሞክሌስ አልሳቀም። የጎማውን መንፊያ ክዳን አጥብቆ ከጨረሰ በኋላ ምን እንደነካው ሳያውቅ እንደገና ፈታው፤ እንደገና አጠበቀው።

ማታ ለልጁ ለሞርጂና ነገሩን የነገራት የሌላ ሰው ጉዳይ አስመስሎ ነው። "ድልድዩ ማዶ ያሉት ደግሞ ሱሪ ልበሱ ይሉናል" አለና ወሬውን ወደ ሩዝ ዋጋ አዞረው። እሷም ስለ ሩዝ ዋጋ መለሰችለት። እሁድ ማለዳ ግን ሲነሳ አልጋው ጫፍ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ ተዘርግቶ አገኘ። ካውያ ስለሌላቸው ሌሊቱን ፍራሽዋ ስር አስተኝታው አድራለች፤ መስመሩ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ሞርጂና የምትሠራው ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሱሪ ላይ ዚፕ ስትተክል ትውላለች። የሰፋችው ሱሪ በመርከብ ተጭኖ ስሙን እንኳ አጥርታ ወደማትጠራው አገር ይሄዳል፤ ጉድለት ያለበት ደግሞ ተመልሶ ፋብሪካው በር ላይ በርካሽ ይሸጣል። "ተመላሽ ነው፣ ብዙ አላወጣሁበትም" አለች ጀርባዋን ሰጥታው ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ያሳደረችውን ሩዝ እያወጣች። "ኪሱ ትንሽ ጠመም ስላለ ነው የጣሉት። ወገቡ ሰፊ ነው። ሰፊውን ነው የመረጥኩልህ።" ሞክሌስ ጨርቁን በአውራ ጣቱ ዳበስ አደረገው። "ሸጋ ነው" አለ። ሽንኩርትና ቃሪያ እየገመጡ ሩዛቸውን በሉ፤ ከጎረቤት የጋራ ምድጃውን ተራ ለመያዝ የሚጨቃጨቁ ሴቶች ድምፅ በቆርቆሮው ግድግዳ አልፎ ይሰማል። ልጅቱ የምሳ ዕቃዋን በፌስታል ጠቅልላ ወጣች። ደጃፉ ላይ ቆም ብላ ዞር ያለች መስሎት ቀና ሲል መንገዱን ከሞሉት የፋብሪካ ሴቶች ጋር ተቀላቅላለች።

በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። ሞክሌስ ቡአ አለበት፤ አንጀቱ ወደ ብሽሽቱ ወርዷል። ሰሜን፣ አገር ቤት ሳለ፣ የድንች ጆንያ ይሸከም በነበረበት ዘመን እንደ ሎሚ ሆኖ ጀመረው፤ አሁን የሕፃን ጭንቅላት ያክላል። ይህን የምታውቅ ሰው በምድር ላይ አንዲት ነበረች፤ ሚስቱ ጆይጉን። ማታ ማታ ጨርቅ በሙቅ ውሃ እየነከረች ትሰጠውና ፊቷን አዙራ ትቆይ ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ ማንም አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ቆርጦ መንግሥት ሆስፒታል ሄዶ ከጎህ ጀምሮ ተሰልፏል፤ ተራው ደርሶ ሲገባ ከሐኪሙ ኋላ ነጭ ካፖርት የለበሱ ሴት ተማሪዎች ተደርድረው ቢያይ "ሆዴን ነው የሚያመኝ" አለና የሆድ ክኒን ይዞ ወጣ። ሽርጥ ግን ሁሉን ይሸፍናል። ከውስጥ በቀጭን ጨርቅ ደግፎ ያስረዋል፤ ሪክሻው ላይ ሲቀመጥ ወደ ግራ ትንሽ ዘንበል ይላል፤ ከኋላው የተሳፈረ ሰው የእርጅና ነገር ነው ብሎ ያልፈዋል። አሁን ሱሪውን እስከ ጭኑ አወጣው። ልጁ እንዳለችው ወገቡ ሰፊ ነው፤ ዚፑ ግን እመንገድ ላይ ቀረ። እብጠቱን ወደ አንድ ወገን ገፍቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ሲዘጋው ዓይኑ እስኪጨልም አመመው። ቤቱ ውስጥ ሦስቴ ተራመደ። ፔዳል ለመምታት እንደሚቃጣ ሰው ጉልበቱን ከፍ ሲያደርግ አልቻለም፤ አልጋው ላይ ተደግፎ ቆየ። ከዚያ አወለቀውና ልጁ ባጠፈችበት እጥፋት አጥፎ ትራሱ ላይ አኖረው። ሽርጡን ታጥቆ ወጣ።

ድልድዩ ጋ ሲደርስ በሩ ገበያ መስሏል። ሁለት ዘበኞች ፉጨት እየነፉ ሪክሻዎቹን ወደ ጎን ያሰልፋሉ። ነጂዎቹ ከየት እንዳመጡት የማይታወቅ ሱሪ ለብሰዋል፤ ያንዱ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ ቀርቷል፣ የአንዱ የትምህርት ቤት ልብስ ነው፣ አንዱ ደግሞ የሠርጉን ሱሪ ለብሶ ሽቶ ተቀብቷል። ሻይ ሻጩ ይህን ቀድሞ አስቦ የሱሪ ክምር አምጥቶ በአሥር ታካ ያከራያል፤ ማታ ሲወጡ መመለስ ነው። "እጠበው እንጂ፣ ከእኔ በፊት የለበሰው ሰው ሲያልብበት ነው የኖረው" ይለዋል አንዱ። "አሥር ታካ ከፍለህ ሽቶም ይጨመርልህ?" ይላል ሻይ ሻጩ። ሞክሌስ ሪክሻውን ወደ በሩ አስጠጋ። ዘበኛው ቤላል ያገሩ ልጅ ነው፤ የአነጋገሩ ቅላጼ እንኳ ገና አልተለወጠም፤ በአዘቦት ቀን ሲያልፍ "ጋሼ፣ ዝናብ ጣለ አሉ እኮ አገር ቤት" ይለው ነበር። ዛሬ ዱላውን መሪው ላይ አኖረ።

"ጋሼ ሞክሌስ፣ አንተን ደግሞ ምን ልበልህ? ሱሪ።"

"ዛሬን ብቻ አሳልፈኝ። እትዬ ዲልሩባ እየጠበቁኝ ነው።"

"ዛሬን ያሳለፍኩ እንደሆነ ነገ እኔም ከአንተ ጋር ሪክሻ መንዳቴ ነው። ካሜራ ተክለዋል፣ ያውና። ከዚያ ክምር አንስተህ ጣል አድርግና ና፣ ምን ችግር አለው?"

"አልችልም።"

"አሥር ታካ አጥተህ ነው? እኔ እከፍላለሁ።"

"የብር ነገር አይደለም።"

ቤላል ዓይኑን ወደ ሽርጡ ዝቅ አደረገ። ከኋላ የተሰለፉት ይጮኻሉ፤ ደወል ያቃጭላሉ። "በሽታ ካለብህ ማኅበሩ ቢሮ ሄደህ ተናገር። ከተፈቀደልህ ምን ቸገረኝ" አለና ሪክሻውን ግድግዳው ጥግ አስጠግቶ አብሮት ሄደ። እትዬ ዲልሩባ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የነበሩ፣ ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው። ጠዋት ለጉልበታቸው ሕክምና፣ ከሰዓት እኅታቸው ቤት የሚያመላልሳቸው ሞክሌስ ነው፤ ሌላ ሰው ቢጎድል የእሳቸው አይጎድልም። የቤት ኪራዩ የሚወጣው ከእሳቸው ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። ወደ ቢሮው ያስገባውም ይኸው ነው፤ የሳቸውን መጠበቅ እያሰበ ገባ።

የማኅበሩ ጸሐፊ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ናቸው። ጠረጴዛቸው ላይ የሰፈሩ ካርታ በመስታወት ስር ተኝቷል። አየር ማቀዝቀዣው የሞክሌስን ላብ ጀርባው ላይ በረዶ አደረገው። ጥግ ላይ አንዲት ወጣት ሴት ኮምፒውተር ላይ ትጽፋለች። ሰውዬው ወንበር አሳዩት፤ ሽርጡ ላብ ስለጠጣ ወንበሩን እንዳያበላሽ ፈርቶ ቆመ። "እናንተን ለማዋረድ ብለን አይደለም" አሉት፤ ድምፃቸው ለስላሳ ነው። "ለክብራችሁ ነው። ሾፌር ሱሪ ይለብሳል። ዘበኛ ሱሪ ይለብሳል። የአንተም ሥራ ሥራ ነው፣ እንደ ሥራ ይቆጠርልህ ብለን ነው።"

"ገብቶኛል ጌታዬ።"

"ታዲያ?"

"ሕመም አለብኝ።"

"ምን ዓይነት ሕመም?"

ሞክሌስ ወደ ልጅቱ አየ። በዕድሜ ሞርጂናን ታክላለች። "የወንድ ሕመም ነው ጌታዬ" አለ። የልጅቱ ጣቶች ቀጥ አሉ፤ ከዚያ ከቀድሞው ፈጥነው መጻፍ ጀመሩ። መሐንዲሱ መነጽራቸውን አወለቁ። "ዛሬ ጠዋት ብቻ ስንቱ ሕመም አለብኝ እያለ መጣ። አንዱ ጉልበቴን ነው ይላል፣ አንዱ እከክ ነው ይላል። ለሁሉም ከፈቀድኩ ውሳኔው ምን ሊረባ ነው? የሐኪም ወረቀት ይዘሃል?" አልያዘም። ሰውዬው ዓይናቸውን ካርታቸው ላይ ጣሉ። የሚሉትን ነገር እሳቸውም እንዳልወደዱት ያስታውቃል። "እንግዲያው ቤላል ይይህና ይንገረኝ" አሉ።

መጸዳጃ ቤቱ ከቢሮው ጀርባ፣ መኪና የሚታጠብበት ግቢ ጥግ ነው። በሩ አይገጥምም፤ ከእንጨቱና ከግድግዳው መሐል ክንድ የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። "እኔም አልወደድኩትም ጋሼ። ቶሎ እንጨርሰው" አለ ቤላል። ሞክሌስ ሽርጡን ፈታ፤ ከዚያ የውስጡን ጨርቅ። ቀና ብሎ የጣራውን የሸረሪት ድር እያየ፣ አሁን ያልፋል፣ አሁን ያልፋል ይል ነበር በልቡ። ቤላልን ከአፍንጫው ሳቅ አመለጠው፤ ክፋት ያለበት ሳቅ አልነበረም፣ ሰው ሲደነግጥ የሚያመልጠው ዓይነት ነው፤ ግን ሳቅ ነው። ያኔ ከበሩ ወዲያ ሌላ ሰው ተነፈሰ። ሞክሌስ ዞር ሲል መኪና ሲያጥብ የነበረው ሾፌርና አትክልተኛው በክፍተቱ አንገታቸውን አስግገዋል። "በፈጣሪ" አለ ሾፌሩ ቀስ ብሎ። "ይህን ታቅፎ ነው ሰው ጭኖ የሚሮጠው?" ሞክሌስ ጨርቁን መልሶ ሲያስር ቋጠሮው እየላላ ሁለት ጊዜ ፈታው።

ቤላል ቢሮው ውስጥ ድምፁን ዝቅ ማድረግ አላሰበበትም። "እውነቱን ነው ጌታዬ። ቡአ ነው። ትልቅ ነው።" ልጅቱ አንገቷን ደፋች። መሐንዲሱ እጃቸውን አወናጨፉ። "በቃ፣ በቃ፣ ይግባ" አሉ። ሞክሌስ "እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ" ብሎ ወጣ፤ ለምን እንዳመሰገነ ግን መንገዱን ሙሉ አላወቀውም። በሩ ጋ ሁለተኛው ዘበኛ ዱላውን ሲዘረጋ ቤላል ከሩቅ ጮኸለት፦ "ያን ተወው፣ ተፈቅዶለታል። ቡአ ያለበት ነው።" የተሰለፉት ሁሉ ሰሙ። ከዚያ ሽቶ የተቀባው "ጋሼ፣ ከሱሪው ይልቅ ያንተን ብታከራየን ይሻለን ነበር" አለ፤ ሻይ ሻጩ ሳይቀር ሳቀ። ሞክሌስ ፔዳሉን ረገጠ።

እትዬ ዲልሩባ ዣንጥላቸውን ዘርግተው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር። ተቆጥተዋል፤ የሕክምናው ተራ ሊያልፋቸው ነው። "ሞክሌስ፣ በስተርጅና አስፓልት ላይ ታስቆመኝ?" አሉት እየተሳፈሩ። "ደግሞ ሱሪ አልለበስክም። እንዴት አሳለፉህ?"

"ፈቀዱልኝ እትዬ።"

"ለምን?"

መሪውን ወደ ሐይቁ መንገድ አዞረ። እሳቸውም ቀጠሉ። "የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ለውሳኔው እጄን አውጥቻለሁ፣ አልዋሽህም። ለእናንተ ብዬ ነው። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ ምን እላቸው ነበር መሰለህ፣ ሰው ራሱን ሲያከብር ነው ሌላው የሚያከብረው። ንጹሕ ሱሪ ብትለብሱ ማን በስድብ ይጠራችኋል?" ሞክሌስ "አዎ እትዬ" አለ። ወደ ግራ ዘንበል ብሎ ነዳ። ሐይቁን ዳር ዳር ሲሄዱ ሞቃት ነፋስ ሽርጡን አነሳበት፤ ባንድ እጁ መሪውን ይዞ በሌላው ጨርቁን ጨምድዶ ጭኑ ስር ሸጎጠው። ይህን ለብዙ ዓመት ሲያደርገው ኖሯል፤ ዛሬ ግን ከኋላው ያሉት ሴትዮ የሚያዩት እጁን ብቻ ይሆን እያለ ደጋግሞ አሰበ።

እኩለ ቀን ላይ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ከሱፐርማርኬቱ በር ሰው ሊጭን ሲጠጋ የጥበቃው ሰው ዝቅ ብሎ ሊያይ ሞከረ። አንዲት እናት ልጆቿን ከሪክሻው መልሳ አወረደች፤ ምክንያቱን አልተናገረችም። ጥላ ስር ቆሞ ውሃ ሲጠጣ ጓደኞቹ ዞር ብለው የሚያወሩትን ወሬ ሲያቋርጡ አየ፤ አንዱ በዕድሜ የገፋ ነጂ ብቻ አጠገቡ ተቀምጦ "እኔም ኪንታሮት አለብኝ፣ ግን አልተናገርኩም" አለው በጆሮው። የተከራየው ሱሪ ብሽሽቱን ልጦታል፤ ሲቀመጥ ያቃስታል። "ብትናገር ይሻልህ ነበር" ሊለው አሰበ ሞክሌስ፤ ግን አላለውም።

ከሰዓት በኋላ በተለመደው ሰዓት እትዬ ዲልሩባ ደጅ ሄደ። የግቢው ዘበኛ ሲያየው ፈገግታውን ለመዋጥ ፊቱን አዞረ። ሴትዮዋ ሲወጡ ብቻቸውን አልነበሩም፤ ከኋላቸው ሌላ ሪክሻ መጣ፤ ነጂው የኪራይ ሱሪ የለበሰ ወጣት ነው። እሳቸው ወደ ሞክሌስ ቀረብ አሉ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ ሲያለቅሱ ቆይተዋል መሰለኝ አለ በልቡ፣ ይህ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አስደነገጠው። የተጣጠፈ ብር መዳፉ ላይ አኖሩለት፤ የመላው ሳምንቱ ነው።

"ምንድነው እትዬ?"

"እንዲህ ሆነህ እኔን ስትጎትት... አልችልም ሞክሌስ። ኅሊናዬ አይችልም።"

"ስንት ዓመት ጎትቼዎታለሁ እኮ።"

"አላወቅኩማ።"

"ምንም አይለኝም እትዬ። በሽርጥ እስከሆነ ድረስ ምንም አይለኝም። ዳገቱን እንኳ ወርጄ ሳልገፋ ነው የምወጣው።"

"ታከም። ታከምና ና። ያኔ እኔ እጠብቅሃለሁ" አሉና ዣንጥላቸውን አጥፈው ከወጣቱ ኋላ ተሳፈሩ። ወጣቱ ሞክሌስን ሊያየው አልፈለገም፤ ደወሉን ሳይመታ ነዳ። ሞክሌስ ብሩን እንደያዘ ቆመ። ቢሰድቡት የሚመልሰው ነገር ነበረው። ኪራይ ሱሪ የለበሰውን ቢያባርሩለት ሊደሰት ይችል ነበር። ለእዝነት ግን ምን ብሎ ይመልስ። ዘበኛው "ጋሼ፣ በር አትዝጋ፣ መኪና ይወጣል" ሲለው ነው ነቅቶ የተንቀሳቀሰው።

ሪክሻውን ሳይመሽ መለሰ። ጋራዡ በር ላይ ከነበሩት አንዱ እሱ ካለፈ በኋላ አንድ የማላገጫ ቃል ተናገረ፣ ሌሎቹ ሳቁ። ቤት ገብቶ ሻማ ሳይለኩስ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ነፋስ ማራገቢያው ኤሌክትሪክ ስለጠፋ ቆሟል፤ ቆርቆሮው የዋለበትን ሙቀት ገና እየተፋ ነው። ጎረቤት ልጅ ያለቅሳል፤ አንዲት ሴት ለምድጃው ተራዋን ታስከብራለች። እዚያው እንደተቀመጠ ሞርጂና ገባች። ፌስታል ውስጥ ጥቂት ደረቅ ዓሣና ቃሪያ ይዛለች፤ ደመወዝ ያልወጣበት ቀን ስለሆነ ዓሣ መግዛቷ ገረመው። ትራሱ ላይ የታጠፈውን ሱሪ አየችው፤ አንስታ ግድግዳው ሚስማር ላይ ሰቀለችው። ሻማ ለኮሰች። ዓሣውን በሽንኩርትና በቃሪያ ደቁሳ አቀረበች።

"በጋራዡ በኩል ነው የመጣሽ?" አላት።

"አዎ።"

በሉ። እሷ ትንሽ ትንሽ እየጎረሰች፣ እሱ ሩዙን በጣቱ እየበተነ። ከዚያ ሳህኑን እያየች "ያምሃል?" አለችው።

ምኑን ብሎ አልጠየቃትም። "ዝናብ ሲመጣ" አለ።

"እናቴ ሳትሞት ነግራኛለች።"

ሻማው ተንቦገቦገ፤ በእጇ ከለለችው። ሞክሌስ ጆይጉንን አሰበ፤ ፊቷን አዙራ የምትቆምበትን ጥግ አየው። ስትሞት ያንን አደራ ለልጅ ትታ መሄዷን አላወቀም ነበር። "ይህን ሁሉ ዓመት ዝም አልሽ?" አላት።

"አንተም ዝም አልክ።" ጣቷ ላይ የቀረውን ሩዝ አራገፈች። "ፋብሪካው አጠገብ ያለው ሆስፒታል በነጻ ይቀድዳል አሉ። ወንድ ሐኪም አለ፣ ጠይቄያለሁ። ተማሪ አያስገባም።"

"ከተቀደድኩ በኋላስ? ለምን ያህል ጊዜ ነው የምተኛው?"

"ወር ይሆናል። ከዚያም ከባድ ነገር አትነካም።"

"ሪክሻ ከባድ ነገር ነው?"

ሁለቱም መልሱን ያውቁታል። የሷ ደመወዝ የቤት ኪራዩንና ሩዙን በአንድ ላይ እንደማይችል ያውቃሉ፤ የሪክሻው ባለቤትም ወር የሚተኛ ሰው ጠብቆ ሪክሻ እንደማያቆም ያውቃሉ። የእትዬ ዲልሩባ ብር ኪሱ ውስጥ ነው፤ ስለ እሱ አልነገራትም። ውጭ ልጆች እየሮጡ አለፉ፤ አንዱ በሩ ጋ ሲደርስ ጋራዡ በር ላይ የተባለውን ያንኑ ቃል ጮኾ ሸሸ። ሞርጂና ቀና አላለችም። ሳህኖቹን ደረበች፣ ለየች፣ መልሳ ደረበች።

"አባ" አለች። "ስንት ሰው ነው ያየህ?"

የመኪናውን ሾፌር አሰበ፣ አትክልተኛውን አሰበ፣ የሸረሪቱን ድር። "ቤላል ብቻ" አለ። "ያገራችን ልጅ ነው። አፉ ጥብቅ ነው።"

በጋራዡ በኩል ነው የመጣችው። የተባለውን ሁሉ ሰምታ ነው የመጣችው። እሱም መስማቷን ያውቃል። በሻማው ብርሃን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ሕፃን ሳለች እንኳ እንዲያ አይታው አታውቅም።

"እሺ" አለች። "አንድ ሰው ምንም አይደለም።"

ማሰሮውን አንስታ እጁን እንዲታጠብ ውሃ ታፈስለት ጀመር። እሱ እጆቹን አገጣጥሞ ተቀበለ። ውሃው እስኪያልቅ ሁለቱም ከውሃው ላይ ዓይናቸውን አላነሱም።